የሳሳ አየርና የሞተር ቫልቭ፦ የውስጥ ቃጠሎ ሞተር አተነፋፈስ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ

በመሐል ሜዳ ወይም በሞላሌ ለሚተከል የእህል ወፍጮ የሚገዛ የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይመጣል። ሰሌዳው «20 የፈረስ ጉልበት» ይላል እንበል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የተለካው በሌላ አየር ነው። ዓለም አቀፉ የሞተር ጉልበት መለኪያ ደንብ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 3046፣ መነሻ አድርጎ የሚወስደው የ100 ኪሎ ፓስካል የአየር ግፊትንና የ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትን ነው። ይህ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላለ ቆላማ አገር አየር ነው። መሐል ሜዳ በ3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ያለው ግፊት ከ70 ኪሎ ፓስካል ብዙም አይርቅም። ገዢው በሰሌዳው ቁጥር ዋጋ ከፍሎ የሚረከበው ከዚያ ያነሰ ጉልበት ነው።

ልዩነቱ ለባለ ወፍጮው የገንዘብ፣ እህል ተሸክማ ለምትመጣው ሴት ደግሞ የጊዜና የክንድ ጉዳይ ነው። የመንዝ ዋና እህል ገብስ ነው፤ ዱቄቱም ሆነ በሶው በወፍጮ ያልፋል። የሞተር ወፍጮ ባልገባበት፣ ወይም ገብቶ በቆመበት ቀበሌ፣ ሥራው ተመልሶ የሚወድቀው በመጅና በድንጋይ ወፍጮ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሞተር በከፍታ ላይ ለምን እንደሚደክም፣ አስወጪ ቫልቩም ለምን ቶሎ እንደሚቃጠል መመርመር ከመማሪያ ክፍል ልምምድ ያለፈ ፋይዳ አለው። ጥያቄውን ለመመለስ ወደ ቀደምት ሞተሮች መመለስ ይጠቅማል፤ የእነዚያ ሞተሮች መሻሻል በአብዛኛው የአየር መግቢያና መውጫ በር መሻሻል ታሪክ ነውና።

ሞተር የሚበላው አየር

በዘልማድ ሞተር የሚሠራው በናፍጣ ወይም በቤንዚን ነው ይባላል። በክብደት ሲመዘን ግን ሞተር ከነዳጅ ይልቅ እጅግ ብዙ አየር ይወስዳል፤ አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ነዳጁን በፓምፕ ገፍቶ ማስገባት ይቻላል። አየሩ ግን፣ የአየር መጭመቂያ ባልተገጠመለት ሞተር፣ የሚገባው ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ በተፈጠረው ክፍተት የውጩ ግፊት ስለሚያስገባው ብቻ ነው። ሞተር አየር «ይስባል» የሚለው አነጋገር ለማስረዳት ይመቻል እንጂ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ከባቢ አየሩ ራሱ ነው ወደ ውስጥ የሚገፋው። ገፊው ሲዳከም ገቢውም ይሳሳል።

በቁጥር ሲታይ፣ በደንቡ መነሻ ሁኔታ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.17 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በመሐል ሜዳ ከፍታ፣ 12 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ያው አንድ ሜትር ኩብ የሚመዝነው 0.85 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ምት የሚቀበለው ይዘት ያው ቢሆንም በውስጡ ያለው አየር ወደ 72 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። የመንዝ ብርድ እዚህ ላይ ጥቂት ውለታ ይውላል፤ ቦታው በዚያው ከፍታ ላይ ሆኖ 25 ዲግሪ ቢሞቅ ኖሮ ክብደቱ ወደ 0.81 ይወርድ ነበር።

ይሁንና የጉልበቱ ጉድለት 28 በመቶ ብቻ አይደለም፤ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሞተሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ከሚያመነጨው ጉልበት ከፊሉን የሚያጠፋው የራሱን ፒስተን፣ ፋሻ፣ ቫልቭና ፓምፕ ለማንቀሳቀስ ነው። ይህ የውስጥ ፍጆታ ከፍታን አይመለከትም፤ በቆላም በደጋም ያው ነው። በውጭ 20 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በውስጡ 25 አመንጭቶ 5ቱን ለሰበቃ ይገብራል ብንል፣ በመሐል ሜዳ የሚያመነጨው ወደ 18 ይወርዳል፤ 5ቱ ለሰበቃ ይሄዳል፤ ለቺንጋው የሚተርፈው 13 ብቻ ነው። ጉድለቱ 28 ሳይሆን 35 በመቶ ያህል ሆነ። በሞተር ገበያ የሚሠራበት ጥቅል ስሌት፣ ማለትም በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 3.5 በመቶ መቀነስ፣ ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ከዚህ አንጻር አገሪቱ መጀመሪያ የተዋወቀችው ሞተር የእንፋሎት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው «የሰርኪስ ባቡር» ጉልበቱን ያገኝ የነበረው በገዛ ማፍያው ውስጥ ከታመቀ እንፋሎት ነው። ማፍያው ግፊቱን ይዞ ይወጣል፤ እንዲያውም ያገለገለው እንፋሎት የሚለቀቅበት የውጭ አየር ሲሳሳ ከፒስተኑ ጀርባ ያለው ተቃውሞ ይቀንሳል። ከማፍያ ውጭ የሚነድደው እሳት የፈለገውን ያህል ጊዜ ወስዶ አየሩን መሰብሰብ ይችላል። እሳቱን ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገባው የውስጥ ቃጠሎ ሞተር ግን ይህን ነጻነት አጣ፤ የሚያስፈልገውን አየር ሁሉ በሰከንድ ክፍልፋይ፣ በአንዲት ጠባብ በር በኩል መቀበል ግድ ሆነበት።

በራሱ የሚከፈት በር

ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 180 ዙር ገደማ የሚዞር ነበር። አየርና ጋዝ የሚያስገባው፣ ማቀጣጠያውን ነበልባልም ወደ ሲሊንደሩ የሚያሻግረው በሲሊንደሩ ራስ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ጠፍጣፋ ብረት ነው። ተንሸራታቹ ከእንፋሎት ሞተር የተወረሰ ሐሳብ ሲሆን ለዝግታ ሞተር በቂ ነበር። ነገር ግን ሙቀት ያጣምመዋል፤ ሰፊ ገጹ ዘይት ይፈልጋል፤ እመቃው ከፍ ሲል ደግሞ ግፊቱ ከመቀመጫው ያላቅቀዋል ወይም አጥብቆ ያጣብቀዋል። ፈጣንና ቀላል ሞተር የፈለጉት ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1885 በደቂቃ 600 ዙር ገደማ ወደሚዞር ሞተር ሲሸጋገሩ፣ በዘንግ ላይ የተተከለ እንጉዳይ መሰል ቫልቭ ተጠቀሙ። የዚህ ቅርጽ ብልሃት ግልጽ ነው፦ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት በጨመረ ቁጥር ቫልቩ ወደ መቀመጫው ይበልጥ ይጠጋል፤ ፍንዳታው ራሱ በሩን ይዘጋል።

አስወጪው ቫልቭ ከመጀመሪያው በካም ኃይል የሚከፈት ነበር። ሊከፈት ሲል በሲሊንደሩ ውስጥ ገና ግፊት ስላለ አንድ ነገር ገፍቶ ካልከፈተው ራሱ አይከፈትም። አስገቢው ግን ለረጅም ጊዜ ያለ ካም ኖሯል። ቀጭን ሞላ ይዘጋዋል፤ ፒስተኑ ሲወርድና በውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ የውጩ አየር ሞላውን አሸንፎ ይከፍተዋል። የዳይምለርም፣ በደቂቃ 1,500 ዙር የደረሰው የዲ ዲዮን ቡቶን ሞተርም የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ካም፣ መግፊያ ዘንግና ማርሽ ማስቀረቱ ዋጋንና ክብደትን ቀንሷል። የዚያ ዘመን መሐንዲሶች አልተሳሳቱም፤ ለቆላማው አውሮፓና ለዝግታ ሞተር መልሱ የሚያረካ ነበር።

ድክመቱ በሞላው ላይ ነው። ሞላው ቢጠነክር ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ሲሊንደሩም በቂ አየር አያገኝም፤ ቢላላ ደግሞ ሞተሩ ሲፈጥን ቫልቩ በጊዜ አይዘጋም፣ የገባው አየር ተመልሶ ይወጣል። በደቂቃ 900 ዙር ላይ አየር የማስገባቱ ምት 33 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በ1,800 ዙር ላይ ግማሹ፣ 17 ብቻ፣ ይቀራል። አንድ ሞላ ለሁለቱም ሊስማማ አይችልም።

በደጋ ላይ ሌላ ዕዳ ይጨመራል። ስሌቱ ቀላል ነው። የቫልቩ ራስ ስፋት 30 ሚሊ ሜትር፣ የሞላው ኃይል 7 ኒውተን ቢሆን፣ ቫልቩን ለመክፈት በውስጥና በውጭ መካከል ወደ 10 ኪሎ ፓስካል የሚደርስ ልዩነት ያስፈልጋል። ይህ 10 የተቆረጠ ግብር ነው፤ ከፍታ አያይም። በባሕር ጠለል፣ ግፊቱ 101 በሆነበት፣ ግብሩ ከአስር አንድ እጅ ያህል ሲሆን ሲሊንደሩ በ91 ኪሎ ፓስካል ይሞላል። በመሐል ሜዳ ግን ከ69 ላይ ያው 10 ተቀንሶ 59 ይቀራል፤ ግብሩ ከሰባት አንድ እጅ ሆነ ማለት ነው። ከፍታው ብቻ ወደ 68 በመቶ ባወረደው አየር ላይ ሞላው ጨምሮ ወደ 58 በመቶ ያደርሰዋል። ከባሕር ጠለል እስከ ደጋ ድረስ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሠራ በራሱ የሚከፈት ቫልቭ አይኖርም፤ ሞላው ለአንድ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ለአንድ ከፍታም ተቆርጦ የተሠራ ነው።

ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1900 ማብቂያ ላይ ባለቀው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መርሴዲስ ላይ አስገቢውንም ቫልቭ በካም እንዲከፈት አደረገ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከዝግታ እስከ ፍጥነት በታዛዥነት ይሠራ ጀመር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ያለ ካም የሚከፈት አስገቢ ቫልቭ ከመኪና ሞተር ጠፋ። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ ያስመረመረውና ከነዳጁ ኃይል ሩብ ያህሉን ወደ ሥራ የለወጠው ሞተርም ቫልቮቹን የሚከፍተው በካም ነበር። ሌላም መንገድ ተሞክሯል፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ናይት ቫልቩን ጨርሶ ትቶ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚንሸራተቱ እጅጌዎችን ተክሎ ነበር፤ ጸጥታውና አተነፋፈሱ ቢመሰገንም በዘይት ፍጆታው ምክንያት ሳይዘልቅ ቀርቷል።

እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ሲገባና ዐፄ ምኒልክም በመኪናው ሲሄዱ፣ አገሪቱ የውስጥ ቃጠሎ ሞተርን የተዋወቀችው ይህ ሽግግር በተጠናቀቀበት ዋዜማ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷም የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የጋራዥ አማርኛ ግን የተቀረጸው ከዚህ ሦስት ዐሥርተ ዓመታት ያህል ዘግይቶ በጣሊያኖች እጅ ነው፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ዛሬም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው።

የሚቃጠለው ቫልቭ

የካም መምጣት የአስገቢውን ቫልቭ ግብር አስቀረ እንጂ የሳሳውን አየር አላወፈረውም። የደጋው ዋና ችግር ከዚህ በኋላ ወደ አስወጪው ቫልቭ ይዛወራል፤ የሚዛወርበት መንገድም በናፍጣ ፓምፑ በኩል ነው።

የናፍጣ ሞተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ ለቃጠሎ ከሚያስፈልገው በላይ አየር እንዲኖረው ተደርጎ ይስተካከላል፤ ትርፉ ለምሳሌ 40 በመቶ ሊሆን ይችላል። ናፍጣና አየር በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ፍጹም ስለማይዋሐዱ ያለዚህ ትርፍ ጥላሸት አይቀሬ ነው። ሞተሩ ወደ መንዝ ሲወጣ ፓምፑ የሚረጨው ናፍጣ አይቀንስም፤ አየሩ ግን ወደ 72 በመቶ ይወርዳል። 1.4 የነበረው ድርሻ 1.0 ላይ ያርፋል፤ ትርፉ ሙሉ በሙሉ ተበላ ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቃጠሎው ይዘገያል፤ የሚወጣው ጋዝም ከተለመደው በላይ ይግላል። በዚህ ላይ ሞተሩ ደክሟል ተብሎ የፓምፑ ብሎን ናፍጣ እንዲጨምር ቢዞር ጉዳዩ ይብሳል። ብሎኑን የሚያዞረው መካኒክ ሁልጊዜ ስለማያውቅ አይደለም፤ ባለ ወፍጮው በሰሌዳው የተጻፈለትን ጉልበት ይጠይቃል፣ ብሎኑም በእጅ ሥር ነው። የጠፋውን አየር በናፍጣ መተካት ግን አይቻልም። ተጨማሪው ናፍጣ በአብዛኛው ጭስና ሙቀት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፤ የሚወጣውም በአስወጪው ቫልቭ አንገት ላይ እየተጠቀለለ ነው።

አስወጪ ቫልቭ የሚቀዘቅዘው በዋናነት መቀመጫውን በመንካት ነው። ከሚቀበለው ሙቀት ሦስት አራተኛ ያህሉ በመቀመጫው በኩል ወደ ቴስታታው ይሻገራል፤ ቀሪው በዘንጉ ይወርዳል። በባለ አራት ምት ሞተር አንድ ዑደት 720 ዲግሪ ነው፤ ቫልቩ ከዚህ ውስጥ 240 ያህሉን ተከፍቶ፣ የተረፈውን ሁለት ሦስተኛ ጊዜ ተቀምጦ ያሳልፋል። ማረፊያው ያ ነው። በመቀመጫው ላይ የጥላሸት ቅንጣት ቢጣበቅ፣ ወይም የቫልቩ ክፍተት ከመጠን በላይ ጠብቦ ዘንጉ ሲግልና ሲረዝም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ ቢያቅተው፣ በፀጉር ቀጭን ስንጥቅ በኩል የሚያልፈው ነበልባል ጠርዙን እንደ መቁረጫ እሳት ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ማረፊያም የለም፤ የተበላው ጠርዝ ይበልጥ ያሾልካል፣ ያሾለከው ይበልጥ ይበላል።

የቀደምት ሞተር ሠሪዎች ይህን ችግር በብረቱ ዓይነት ለመርታት ብዙ ደክመዋል። መጀመሪያ የብረት ዘንግ ላይ የተተከለ የቀለጠ ብረት ራስ፣ ቀጥሎ የኒኬል ብረት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተንግስተን የተጨመረበት፣ በ1920ዎቹ ደግሞ ሲሊከንና ክሮሚየም ያለበት ብረት ተራ በተራ መጡ። ለአውሮፕላን ሞተር ሳም ሄሮን ያዳበረው ዘዴ ከሁሉ ይረቅቃል፤ የቫልቩን ዘንግ ክፍት አድርጎ በከፊል በሶዲየም ሞላው። ሶዲየሙ ሲግል ይቀልጥና በቫልቩ መነሣትና መቀመጥ ወደ ላይና ወደ ታች እየተናጠ የራሱን ሙቀት ወደ ዘንጉ ያወርዳል። የወፍጮ ሞተር እንዲህ ያለ ቅንጦት የለውም። ለእሱ የቀረለት የቫልቩ ክፍተት በወቅቱ መለካት፣ ቫልቩን ከመቀመጫው ጋር አፋትጎ ማሳረፍና የፓምፑን ብሎን በልክ ማቆየት ነው።

የሾለከ ቫልቭ ዋጋው የሚታወቀው ጠዋት ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው በእመቃ የጋለው አየር ነው። እመቃው 17 ለ1 በሆነ ሞተር፣ አየሩ በ25 ዲግሪ ቢገባ በእጅ ማስነሻ ፍጥነት እስከ 420 ዲግሪ ገደማ ይግላል፤ ውርጭ ባደረበት የመንዝ ጠዋት በ2 ዲግሪ ቢገባ ግን ከ370 ብዙም አያልፍም። ግፊቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ናፍጣው ለመቀጣጠል ይዘገያል። ቫልቩ ካሾለከ ያንኑም ጥቂት ይዘርፋል። በእጅ የሚነሣውን የዝግታ ሞተር የሚያስነሳ ሰው በዚህ ጊዜ ከቫልቩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፦ ቫልቩን ከፍቶ የሚይዘውን እጀታ አንሥቶ መዘውሩን ያለ እመቃ ያሽከረክራል፤ ፍጥነት ሲያገኝ እጀታውን ይለቃል። የሊስተር ዓይነቱ ሞተር አንዳንዱ በቴስታታው ላይ የእመቃውን ክፍል የሚያሰፋና የሚያጠብብ ተጨማሪ መዝጊያ አለው፤ ለማስነሣት ይጠበባል፣ ለሙሉ ጭነት ይሰፋል። በደጋ ላይ ሙሉ ጭነት የሚባለው ራሱ ስለሚያንስ ይህ መዝጊያ ከቆላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ጠብቦ መቆየት የሚችል ይመስላል።

የማቀዝቀዣው ውኃም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። በ3,100 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የባቄላ ንፍሮ በጓሳ አካባቢ ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ክፍት በርሜል የሚያቀዘቅዘው ሞተር እንግዲህ ከመፍላት በፊት ያለው ኅዳግ በ10 ዲግሪ ጠብቧል፤ የጋለው ጋዝ ሙቀት በሚጨምርበት ቦታ ውኃው ቀድሞ ይነፍራል።

ምን ሊሻሻል ይችላል

ለዝግታ የወፍጮ ሞተር የሚሰጠው መልስና ለጭነት መኪና የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም። ቫልቩን ማስፋት ለምሳሌ ፈጣን ሞተርን ይጠቅማል። በደቂቃ 650 ዙር የሚዞረው፣ የምት ርዝመቱ 140 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው የሊስተር ዓይነት ሞተር ግን የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 3 ሜትር ብቻ ስለሆነ አየሩ በበሩ ላይ ብዙም አይጨናነቅም።

ለእንዲህ ያለው ሞተር የሚያዋጣው አስገቢው ቫልቭ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ቫልቩ ፒስተኑ ታች ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቆይቶ እንዲዘጋ ይደረጋል፤ በፈጣን ሞተር የአየሩ ሩጫ ራሱ መግባቱን ስለሚቀጥልበት ይህ ይጠቅማል። በዝግታ ሞተር ግን አየሩ ያን ያህል ሩጫ የለውም፤ ወደ ላይ መመለስ የጀመረው ፒስተን የገባውን መልሶ ይገፋዋል። የማገናኛው ዘንግ ርዝመት የክራንኩን አራት እጥፍ ቢሆን፣ ቫልቩ ከታችኛው ጫፍ 40 ዲግሪ አልፎ ሲዘጋ ፒስተኑ ከምቱ 9 በመቶ ያህል ወጥቷል፤ በ20 ዲግሪ ቢዘጋ ግን የወጣው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የ7 በመቶው ልዩነት አብዛኛው በዝግታ ሞተር የሚተርፍ አየር ነው፤ እመቃውም በዚያው ልክ ስለሚጨምር ለጠዋቱ መነሣት ይረዳል። ይህን ለማግኘት የአስገቢው ካም ቅርጽ ብቻ መለወጥ አለበት። የካምሻፍቱን ማርሽ በአንድ ጥርስ ማሻገር አቋራጭ ቢመስልም አስወጪውን ቫልቭና የፓምፑን ሰዓት አብሮ ስለሚያዛባ መፍትሔ አይሆንም።

ይህም ቢሆን ከጠፋው 28 በመቶ አየር ሩቡን ቢመልስ ነው። የቀረውን የሚመልሰው ገና ከግዢው ትልቅ ሞተር መምረጥና የናፍጣውን መጠን ለቦታው አየር ልክ መቀነስ፣ የመርጫውንም ሰዓት በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ነው። 13 የፈረስ ጉልበት ለሚፈልግ ድንጋይ በመንዝ የሚገዛው 20 የተጻፈበት ሞተር ነው። ኤሌክትሪክ በደረሰበት ከተማ የኤሌክትሪክ ሞተር ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ግን እሱም ቢሆን በአየር የሚቀዘቅዝ እንደመሆኑ ከ1,000 ሜትር በላይ መጠነኛ ቅናሽ ይደረግበታል።

የመኪናው መንገድ ሌላ ነው። ከሸዋ ሮቢት፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ፣ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን የሚወጣ የጭነት መኪና በአንድ ዳገት ከ1,700 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ታች 28 ዲግሪ በሆነ ቀን በሜትር ኩብ 1.0 ኪሎ ግራም የነበረው አየር ላይ ሲደርስ 0.85 ይሆናል። ቅናሹ የሚመጣው ጭነቱ በከበደበት፣ ዳገቱም በጠናበት ሰዓት ነው። «ኤንትሬ» የሚባለው የፊያት 682 ዓይነት መኪና ቱርቦ ያልነበረው በመሆኑ ይህን ዳገት በዝቅተኛ ማርሽና በጥቁር ጭስ መክፈል ግዴታው ነበር። የቱርቦው ሐሳብ ግን ጥንታዊ ነው። ስዊዛዊው አልፍሬድ ቡሂ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል፤ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ በ1918 የሊበርቲ የአውሮፕላን ሞተርን 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ ሞክሮታል። ሞተሩ በጫፉ ላይ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን አጥቶ ነበር፤ በሚወጣው ጋዝ የሚዞረው መጭመቂያ ሲገጠምለት ያጣውን ሁሉ መለሰ። የውጩ ግፊት ሲቀንስ ተርባይኑ ይበልጥ ስለሚፈጥን መሣሪያው ለደጋ የተፈጠረ ይመስላል። ለባለ አንድ ሲሊንደር የወፍጮ ሞተር ግን የሚወጣው ጋዝ በየተራ የሚፈነዳ እንጂ የሚፈስስ ስላልሆነ ተርባይኑን በወጉ አያዞርለትም።

ከእነዚህ መፍትሔዎች የትኛው ስንት እንደሚመልስ በስሌት ብቻ ማቆም አያስፈልግም፤ ሰሜን ሸዋ ራሱ የተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ነው። በመርሐ ቤቴ የጀማ ሸለቆ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል፤ ዓለም ከተማ በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መሐል ሜዳ በ3,100። አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ካምና አንድ ዓይነት ናፍጣ በሦስቱም ቦታ ቢሠራ፣ የሚለካው ነገር ጥቂት ነው፦ ለአንድ ኩንታል ገብስ ያለቀው ናፍጣ በግራም፣ ከአስወጪው ቫልቭ ጀርባ ያለው የጋዝ ሙቀት፣ ከ500 ሰዓት ሥራ በኋላም ቫልቩ በመቀመጫው ውስጥ የሰመጠበት ጥልቀት። ለመጀመሪያው ሚዛን፣ ለሁለተኛው አንድ የሙቀት መለኪያ ሽቦ፣ ለሦስተኛው የጥልቀት መለኪያ ይበቃል፤ ሦስቱም በማንኛውም የምህንድስና ትምህርት ክፍል ሊገኙ የሚችሉ ናቸው።